እስከ ሐምሌ የቆየ ጥፍር

ባለፈው ጥር ታናሽ እህቴ ተዳረች። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት የጥፍር ዝግጅት ተደረገ፤ እናቴ ከአክስቶቼ ጋር ተቀምጣ እንሶስላ ስትሞቅ፣ እኔ ደግሞ በሰፈራችን ወደሚገኝ አንድ የውበት ሳሎን ሄጄ ረጅም አርቲፊሻል ጥፍር አሠራሁ። በሠርጉ ፎቶግራፎች ላይ የእናቴ ቀይ ጥፍርና የእኔ ነጭ ጥፍር ጎን ለጎን ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በሁለታችን ጣቶች ላይ የሆነውን እያየሁ ስለ ጥፍርና ስለ ቆዳ እንክብካቤ የነበረኝ አሳብ ከመሠረቱ ተለወጠ። ይህን የምጽፈው ያየሁትን፣ ሐኪም ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ጭምር ለአንባቢዎቼ ለማካፈል ነው።

በሳሎኑ ውስጥ ባለሙያዋ ጥፍሮቼን በኤሌክትሪክ መሞረጃ እስኪያቃጥለኝ ድረስ ሞረደቻቸው፤ በጥፍሩ ሥር ዙሪያ ያለውን ስስ ቆዳም በመቀስ አነሣችው። ያን ጊዜ ቃጠሎው የሥራው አንድ ክፍል መስሎኝ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት የአውራ ጣቴ አርቲፊሻል ጥፍር በአንድ ጎን ተነሣ፤ ተመልሼ ለማስነሣት ጊዜ ስላጣሁ አንድ ምሽት ላይ አንዱን ከሌላው እያከታተልኩ በእጄ ነቀልኳቸው። አብሮ የተነሣው የራሴ ጥፍር ነበር። የቀረው እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ በሙቅ ውሃ ሲነካ የሚያንገበግብ ሆነ፤ በአውራ ጣቴ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታየ።

የቆዳ ሐኪሟ ጣቶቼን በአጉሊ መነጽር ካዩ በኋላ፣ “ይህ ጥፍር አይድንም፤ አዲሱ ከሥር በቅሎ እስኪተካው ትጠብቂያለሽ” አሉኝ። መጀመሪያ ሲሰማ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። የምናየው የጥፍር ክፍል ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠሩ ስስ ንብርብሮች ተጣብቀው የፈጠሩት ሕይወት የሌለው ሰሌዳ ነው። ሕይወት ያለው ከቆዳው ሥር የተደበቀው መብቀያ ሲሆን፣ በአውራ ጣት ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ የሚታየው ነጭ ነገር የዚሁ መብቀያ ፊተኛው ጠርዝ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ተነሥቶ ጫፍ እስኪደርስ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይወስድበታል። የእግር ጥፍር በግማሽ ያህል ፍጥነት ስለሚያድግ የአውራ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈልጋል። በማንኛውም ዘይት፣ በማንኛውም “ማጠንከሪያ” የተላጠውን ንብርብር መመለስ እንደማይቻል የገባኝ ያን ቀን ነው።

አረንጓዴው ነጠብጣብ እኔ እንደ ፈራሁት ፈንገስ አልነበረም። የተነሣው አርቲፊሻል ጥፍር ከሥሩ ውሃ ይይዛል፤ በዚያ እርጥብ ክፍተት ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባና አረንጓዴ ቀለሙን ይተዋል። መፍትሔው የተነሣውን ክፍል ቆርጦ ማስወገድ፣ ጣቱን ደረቅ አድርጎ መያዝና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መጠቀም ነው። ብዙ ሴቶች ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ በላዩ ቀለም ይቀቡበታል፤ ያን ጊዜ በሽታው ተሸፍኖ ይቆያል፣ ክፍተቱም ይሰፋል።

የእናቴን ጥፍር መከታተል የጀመርኩት ሐኪሟ ስለ ጥፍር ዕድገት ከነገሩኝ በኋላ ነው። በየካቲት መጨረሻ የእናቴ መዳፍና እግር ላይ የነበረው የእንሶስላ ቀለም ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፤ የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በየአንድ ወሩ ገደማ ስለሚታደስ ቀለሙም አብሮ ይረግፋል። በጥፍሮቿ ላይ ያለው ግን እንዳለ ነበር፤ ከሥሩ ብቻ ነጭ ሆኖ የሚበቅል አዲስ ጥፍር ቀዩን ወደ ፊት እየገፋው ነበር። ቀዩና ነጩ የሚገናኙበት መስመር የሠርጉ ሳምንት ምልክት መሆኑን ተረዳሁ። በእኔ ጥፍር ላይም የሳሳውና ጤናማው የሚገናኙበት ጎርባጣ መስመር ነበረና፣ እሑድ እሑድ ከቡና በኋላ እጆቻችንን ጎን ለጎን አድርገን ማነጻጸር ልማድ ሆነብን። የእኔ መስመር ከእናቴ ይልቅ ፈጠን ብሎ ይሄድ ነበር፤ ዕድሜ ሲገፋ የጥፍር ዕድገት እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። የመሃል ጣት ከትንሿ ጣት፣ ብዙ የምንሠራበት እጅም ከሌላው ቀደም እንደሚል በዓይናችን አየን።

የጥፍሩን ሥር ስለሚሸፍነው ስስ ቆዳ በተለይ መናገር እፈልጋለሁ፤ በየሳሎኑ ያለ ምንም ማመንታት የሚቆረጠው እርሱ ነውና። ያ ቆዳ በጥፍሩና በጣቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያሽግ ማኅተም ነው። ሲቆረጥ ውሃ፣ ሳሙና፣ እርሾና ባክቴሪያ ወደ መብቀያው መንገድ ያገኛሉ፤ ውጤቱም በጥፍሩ ዙሪያ የሚያብጥና የሚመግል ቁስል ነው። ሊጥ የምታቦካ፣ ልብስና ዕቃ የምታጥብ ሴት እጇ ከውሃ ስለማይወጣ ችግሩ በእርሷ ላይ ይጸናል። ከገላ መታጠብ በኋላ በለሰለሰበት ሰዓት በፎጣ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መግፋት ለመልኩም ለጤናውም በቂ ነው። እኔ አሁን ባለሙያዋ መቀስ ስታነሣ ገና “እባክሽ አትቁረጪው” እላለሁ፤ አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል፣ አብዛኞቹ ግን ይሰማሉ።

አርቲፊሻል ጥፍርና ጄል ፈጽሞ አይሠሩ አልልም። ሆኖም ምን እንደሚለጠፍብን ማወቅ ይገባናል። አርቲፊሻል ጥፍር የሚሠራበትን ሜቲል ሜታክሪሌት የሚባል ፈሳሽ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከጉዳት አቤቱታዎች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፍርድ ቤት እንዲታገድ ያደረገበት ጉዳይ አለ፤ ርካሽ ስለሆነ ግን ዛሬም በየቦታው ይገኛል። ሽታው እጅግ ኃይለኛ ከሆነ፣ የተሠራው ጥፍር ከልክ በላይ ጠንካራ ሆኖ በአሴቶን አልለቅ ካለ እርሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ጣት ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭም አርቲፊሻሉ ሳይሰበር የራስን ጥፍር ይዞ ይነቀላል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ጄልን በመብራት ለማድረቅ ከሚረዱት ኬሚካሎች አንዱ የሆነውን ቲ.ፒ.ኦን ለመራቢያ ጤና አስጊ ነው ብሎ ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውበት ዕቃዎች ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ አለርጂው ነው፤ ያልደረቀ ጄል ቆዳ ሲነካ ሰውነት በጄልና በአርቲፊሻል ጥፍር ውስጥ ያለውን አክሪሌት የሚባል ኬሚካል እንደ ጠላት መዝግቦ ሊይዝ ይችላል። ይህ አለርጂ አንዴ ከመጣ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ አክሪሌት ጥርስ ለመሙላት በሚያገለግሉ ነገሮች ውስጥም ስላለ ወደፊት በጥርስ ሕክምና ጊዜ ችግር ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ በራስ እጅ ጄል መሥራትን አልመክርም። በሳሎን የሚሠራም ቢሆን ቆዳ እንዳይነካ፣ በመብራቱ ሥር ተገቢውን ጊዜ እንዲቆይና ሲነሣ በአሴቶን በተነከረ ጥጥ ተሸፍኖ በራሱ እስኪለቅ እንዲጠበቅ ማሳሰብ ተገቢ ነው።

ስለ መሣሪያ ንጽሕና ስናነሣ ብዙዎች “በፈላ ውሃ አፍልተነዋል” ይሉናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በከተማችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በክሊኒኮች የሚገኘው በእንፋሎት ግፊት የሚሠራው ማምከኛ ግን 121 ዲግሪ ደርሶ ለ15 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀናት በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ በአገራችንም ይህ ቫይረስ ያለባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከአንዷ ደንበኛ ጣት ላይ ደም ያስወጣ መቁረጫ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ብቻ ወደ ሌላዋ ጣት ሲሄድ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። የራስን መቁረጫ፣ መሞረጃና መግፊያ በትንሽ ቦርሳ ይዞ መሄድ ኩራት አይደለም፤ የእንጨት ወይም የወረቀት መሞረጃ እንዲያውም ሊጸዳ ስለማይችል ከአንድ ሰው በላይ ሊጠቀምበት አይገባም።

የእግር መዘፍዘፊያውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ዋትሰንቪል ከተማ ከ100 በላይ የአንድ ሳሎን ደንበኞች እግራቸው ላይ ለወራት የማይድን ቁስል ወጣባቸው። ምክንያቱ በመዘፍዘፊያው የውሃ ማጣሪያ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየ ፀጉርና የቆዳ እድፍ ያራባው ማይኮባክቴሪየም ፎርቱይተም የሚባል ተሐዋስ ነበር። ወደ ሳሎኑ ከመሄዳቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ የላጩ ሴቶች ይበልጥ ተጠቁ፤ ዓይን የማያየው ጭረት በር ሆኖታል። ከፔዲኪውር በፊት ባለው ቀን እግርን አለመላጨት ምንም ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

በስድስቱ ወራት እኔ ያደረግሁት ጥቂት ነው። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ በቀን አሥር ጊዜ ሲደጋገም ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ። ስለዚህ ዕቃ ሳጥብ፣ በተለይም በረኪና ስነካ፣ ጓንት አደረግሁ፤ ሽንኩርት ስልጥም እንደዚያው። እጄን በታጠብኩ ቁጥር እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ቀባሁ። አጭር አድርጌ ቆረጥኩ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሞረድኩ፤ የእግር ጥፍሬን ማዕዘኑን ሳልጎርድ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ። ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን እንድወስድ ብዙ ሰው መከረኝ፤ እጥረት ለሌለበት ሰው ስለ መጥቀሙ ያለው ማስረጃ ደካማ ከመሆኑም በላይ የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራ ውጤቶችን ሊያሳስት እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስላስጠነቀቀ ተውኩት። ጥፍሩ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ሰው ግን የብረት እጥረት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ስለ ቫዝሊን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በሥጋ ደዌ ምክንያት የእግር ስሜታቸውን ላጡ ሰዎች የሚሰጠው ትምህርት፣ በየቀኑ እግርን በንጹሕ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የደደረውን ቆዳ በመፋቂያ ቀስ አድርጎ ማንሣት፣ ከዚያም ሳይደርቅ ቅባት መቀባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመውና ዛሬ ለቆዳ ሕክምና ብዙ ሰው የሚሄድበት የአዲስ አበባው አለርት የሚታወቀው በዚሁ ሥራ ነው። ከቁስልና ከአካል ጉዳት የሚጠብቅ ይህ ቀላል ሥርዓት በበጋው ደረቅ አየር የሚነቃውን የእኛን ተረከዝ እንደሚያድን በራሴ አይቻለሁ። ቫዝሊን በቆዳ ላይ ውሃ አይጨምርም፤ ያለው ውሃ እንዳይተን ይዘጋዋል እንጂ። በደረቅ ቆዳ ላይ ሲቀባ ብዙ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ወደ እንሶስላው ልመለስ። እንሶስላ በደጋው እርጥብ ሥፍራ የሚበቅል ተክል ሲሆን የዕፅዋት ሊቃውንት ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ይሉታል። ሥሩ ታጥቦ፣ ተልጦና ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ይደረጋል፤ በቤታችን በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ያድር ነበር፣ አሁን ቅጠሉ ሲጠፋ በፌስታል ሆኗል። ቀለሙን የሚሰጠው ሎሶን የተባለው ንጥረ ነገር በሐረርና በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሴቶች በሚሞቁት ሂና ውስጥ ያለው ያው ነው። ሎሶን ከኬራቲን ጋር ስለሚጣበቅ ጥፍሩን ሳይሞርድ፣ ሳይልጥ ያቀላዋል። ፈንገስን የመከላከል ኃይል እንዳለውም በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ እናቶቻችን ለነቃ እግር የሚጠቀሙበት ከዚህ የተነሣ ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው “ጥቁር ሂና” እየተባለ በሰዓታት ውስጥ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ነው። ሂና በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም፤ ያን ጥቁረት የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ በፀጉር ቀለም ውስጥ የሚገባው ፓራፌኒሊንዳያሚን ነው። ቆዳን አቃጥሎ ውሃ ሊያስቋጥርና ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ የፀጉር ቀለም መቀባት የማይችሉ ሰዎች አሉ።

ፊትን በተመለከተ አጠር አድርጌ ሦስት ነገር ልበል። ሎሚ ቆርጦ ፊትን መቀባት እጅግ የተለመደ ምክር ነው፤ በሎሚ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ግን የፀሐይ ጨረር ሲነካቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፣ የሚተዉት ጥቁር ምልክትም ለወራት ይቆያል። ማድያትን ለማጥፋት በሎሚ ጀምረው በሌላ ማድያት የጨረሱ ሴቶችን አውቃለሁ። ሁለተኛው በየሱቁ ያለ ማዘዣ የሚሸጡት “የሚያጠሩ” ክሬሞች ናቸው። ብዙዎቹ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው፤ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ለቆዳ በሽታ የሚሰጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ለወራት ፊቷን ተቀብታው መጀመሪያ አማረባት፤ በኋላ ቆዳዋ ሳስቶ ቀያይ የደም ሥሮች ወጡባት፣ ብጉር ወረሳት፣ ስታቆመው ደግሞ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። እንዲህ ያለ ክሬም ላይ ያለች እህት ብቻዋን በድንገት ከማቆም ይልቅ የቆዳ ሐኪም አማክራ እንድታቆም እለምናለሁ። ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዳው ሜርኩሪ የሚገኝባቸውም ክሬሞች አሉ፤ ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከገበያ እንዲወጡ የወሰነው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ ብርዱ ስለሚያታልለን እንጂ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከቆላው የሚያንስ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ከቃጠሎ የተሻለ ጥበቃ እንዳለው እውነት ነው፤ ማድያትን ግን የሚታየው ብርሃን ጭምር ያባብሰዋል። ስለዚህ ማድያት ላለባት ሴት የመከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ብረት ኦክሳይድ ያለበት የቆዳ ቀለም ያለው የፀሐይ ክሬም ከነጩ ይሻላታል። ከጥላና ከሰፊ ባርኔጣ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ጥፍርን ሁልጊዜ በቀለም ሸፍኖ መኖር አንድ ጉዳት አለው፤ ጥፍር የሚነግረንን አናይም። በጥቁር ሕዝቦች ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ቡናማ መስመር የተለመደ ነው፤ በብዙ ጣቶች ላይ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በአንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም በዙሪያው ያለውን ቆዳ ማጥቆር የጀመረ መስመር ግን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ታዋቂው የሬጌ ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ተገኝቶበት ነበር፤ ግንቦት 11 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ አረፈ። እኔም ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ መካከል ለጥቂት ቀናት ጥፍሮቼን ያለ ቀለም እተዋለሁ፤ በቀን ብርሃን አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን የሳሳ ጠርዝ ከአውራ ጣቴ ላይ ቆረጥኩት። ከሥር እስከ ጫፍ ለስላሳና ጽኑ የሆነ ጥፍር ካየሁ ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር። እናቴ መቁረጫውን ተቀብላኝ የራሷን እጅ ዘረጋች፤ በአውራ ጣቷ ጫፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የሠርጉ ቀይ ገና አለ። ልትቆርጠው አልፈለገችም፤ “እስከ እንቁጣጣሽ ይቆይ” ብላ መቁረጫውን መለሰችልኝ።